ላባውን የለየው ጉንጭ

ሥራ በለቀቅሁበት ቀን ወንበሬን የምትረከበው ወጣት ባለሙያ የስንብት ዳቦ እየቆረሰች፣ «እትዬ ሙሉ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ማይክሮስኮፕ ላይ ተደፍተው ሲውሉ አልሰለቸዎትም?» አለችኝ። ግርግር ስለነበር ሳቅ ብዬ አለፍኩት። ጡረታ ወጥቼ ቤት ስቀመጥ ግን ጥያቄዋ ተመልሶ መጣ። አንገቴ ታሟል፣ ዓይኔም ደክሟል፤ ሰልችቶኝ ግን አያውቅም። ለምን እንዳልሰለቸኝ ለመናገር ስለ አንድ በሽታ፣ ስለ አንድ ድንጋይ ፈላጭና ሙያውን ስላስተማሩኝ ስለ ጋሽ ጳውሎስ ማውራት ይኖርብኛል።

በሽታው ቁንጭር ነው። ቆላው ወባ እንዳለው ሁሉ ገደል ያለበት ደጋም ቁንጭር አለው። ሰው አይገድልም፤ ስለዚህ ማንም ስለ እሱ ብዙ አያወራም። ፊት ላይ ይወጣል፣ ፊትን ያበላሻል፣ ባለፊቱም ከሰው ይሸሻል። ቤተሰብ ደብቆ ስለሚያስቀምጠው መንግሥትም ያለ አይመስለውም።

የላቦራቶሪ ሙያ ተምሬ እንደወጣሁ የተመደብኩት በየካ በኩል ባለች አንዲት ትንሽ የቆዳ ሕክምና ክሊኒክ ነበር። ደርግ ከገባ ገና ብዙ አልቆየም። ያኔ ክፍለ ከተማ የሚባል የለም፣ «ከፍተኛ» ነው የሚባለው። ከመገናኛ ወደ ኮተቤ የሚወስደው መንገድ ግራና ቀኙ ባሕር ዛፍና ማሳ ነበር፤ ካራን ከተማ ብሎ የሚጠራ ሰው አልነበረም። ደመወዙ እንደ ጀማሪ ደመወዝ ነው፤ የሚሞላው ቅጽም ከሥራው ይበዛ ነበር። ስለ ሁለቱም ከዚህ በላይ አልናገርም።

ክሊኒኩን የሚመሩት ዶክተር ዘሪሁን ፈጣንና ቁጡ ሰው ነበሩ። በር ላይ ወረፋው ረጅም ስለሆነ በሽተኛው ወንበር ላይ ሳይደላደል መድኃኒቱን ጽፈው ይጨርሳሉ። አብዛኛውን ጊዜም አይሳሳቱም። ላቦራቶሪውን የያዙት ጋሽ ጳውሎስ ግን የእሳቸው ተቃራኒ ነበሩ። የጋሞ ደጋ ሰው ናቸው። ገደል አፋፍ ላይ ባለ መንደር ተወልደው ያደጉ፣ አፍንጫቸው ላይም ከልጅነት የቀረ የቁንጭር ጠባሳ ያላቸው። የወንጌል አማኝ ነበሩ። በዚያ ዘመን ጸሎት ቤታቸው ስለተዘጋ መዝሙሩን ቃል ሳያወጡ በአፍንጫቸው ብቻ እያንጎራጎሩ ይሠሩ ነበር። ዜማው ከፍ ሲል ናሙና በተቀባበት መስታወት፣ በስላይዱ ላይ የሚያስደንቅ ነገር እንዳዩ አውቃለሁ።

ልማዳቸው ብዙ ነው። ስላይዱን እንደ አዲስ ፎቶግራፍ ጠርዙን ብቻ ይይዛሉ። ቀለም የተቀባውን ናሙና እፍ ብለው አያደርቁትም፤ «ትንፋሽሽን ምን ብለሽ ልታነቢው ነው?» ይሉኛል። በሽተኛ ሲመጣ መጀመሪያ ዓይን ዓይኑን አይተው ስሙንና አገሩን ይጠይቃሉ፤ ቁስሉን የሚያዩት ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ቀን ናሙና አይቼ፣ «ጋሽ ጳውሎስ፣ ተባይ የለም» አልኳቸው።

«አላየሁም በይ እንጂ የለም አትበይ» አሉኝ። «የለም ለማለት ፈጣሪ መሆን ያስፈልጋል። ተመለሽና ከዳር እስከ ዳር ሂጂበት።»

ተመልሼ ሄድኩበት። ስላይዱ ዳር ላይ ተባይዋን አገኘኋት። ክብ ናት፤ በውስጧ አንድ ሐምራዊ ነጥብ፣ ከነጥቡ ጎን ደግሞ አጭር ጭረት አለ። ነጥብ ብቻ ከሆነ ቆሻሻ ነው፤ ነጥብና ጭረት አብረው ከታዩ እሷ ናት። ጋሽ ጳውሎስ አጎንብሰው አዩና ማንጎራጎር ጀመሩ።

«የት ውስጥ እንደተቀመጠች አየሽ?» አሉኝ። «ሰውነታችን ባዕድ ነገር ሲገባበት የሚውጡለት ወታደሮች አሉት። ይህቺ እንድትዋጥ ትፈልጋለች። ከዋጣት ወታደር ሆድ ገብታ እዚያው ቤቷን ትሠራለች፣ ትወልዳለች። ጠላቷ ሆድ ውስጥ!»

ያን ቀን ቤቴ የሄድኩት በእግሬ ነው። አውቶቡስ መጠበቅ አላስቻለኝም። በሰው ጉንጭ ላይ ባለች ትንሽ እብጠት ውስጥ ይህን የመሰለ ነገር እየተካሄደ ሰው ገበያ ይሄዳል፣ ይሳሳቃል፣ ይጣላል። ማመን አቃተኝ።

ቁንጭር በሦስት ዓይነት ይመጣል። አብዛኛው ሰው ላይ ጉንጩ ወይም አፍንጫው ላይ እንደ ትንኝ ንክሻ ይጀምርና ያብጣል፣ መሐሉ ይቆስላል፣ ቅርፊት ይይዛል፤ ብዙ ወራት አንዳንዴም ዓመታት ቆይቶ ራሱ ይድናል፣ ጠባሳ ይቀራል። ሁለተኛው ከንፈርና አፍንጫ ውስጥ ገብቶ ያሳብጣል። ሦስተኛው ብርቅ ነው። አይቆስልም፣ አያምም፤ ግን እንደ አተር፣ እንደ ባቄላ እያበጠ ፊትን፣ ጆሮን፣ እጅን ይሸፍናል፣ በራሱም አይድንም። ይህን ሦስተኛውን በቃል እንጂ በዓይኔ አላየሁትም ነበር፤ ክሊኒኩ ከገባሁ ዓመታት አልፈው አቶ ተሰማ እስኪመጡ ድረስ።

አቶ ተሰማ ከየካ ተራራ ሥር ባለ የድንጋይ ካባ የሚሠሩ ድንጋይ ፈላጭ ነበሩ። የካባውን መሣሪያ ስለሚጠብቁም ከነቤተሰባቸው ገደሉ ሥር በተሠራች ጎጆ ይኖራሉ። ክሊኒኩ የመጡት ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘነቡ ክንዳቸውን ይዘዋቸው ነው። ጋቢው ሲገለጥ በወረፋው ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ወደ ግድግዳው ተሰበሰበ። ቅንድባቸው፣ ጉንጫቸው፣ አገጫቸው በእብጠት ተሞልቷል፤ ጆሯቸው ወፍሮ ተንጠልጥሏል።

ዶክተር ዘሪሁን ከበሩ ሆነው አዩዋቸው። «ሥጋ ደዌ ነው» አሉ። «ወደሚታከምበት ይላኩ።»

«ስንት ዘመን ታከምን እኮ ጌታዬ!» አሉ ወይዘሮ ዘነቡ። «ክኒኑን አንድ ቀን አላቋረጠም። ይባስ ብሎ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። አሁን የቀበሌው ሊቀመንበር ክረምቱ ሳይገባ ከሰፈሩ ልቀቁ ብሎናል። ሰው ልጄን እንኳ ውኃ አያስቀዳትም። የት እንሂድ?»

ጋሽ ጳውሎስ ከላቦራቶሪው ወጡ። እንደ ልማዳቸው ስማቸውንና አገራቸውን ጠየቁ፣ ወንበር አቀረቡላቸው። ከዚያ እኔን ጠርተው ጥጥና ላባ እንዳመጣ አዘዙኝ። ላባውን ጓሮ ከሚለቅሙት ዶሮዎች የወደቀውን አንስቼ አመጣሁ።

«አቶ ተሰማ፣ ዓይንዎን ይጨፍኑ። ስነካዎት የት እንደነካሁዎት ይንገሩኝ።»

በጥጡ ግንባራቸውን ነኩ። «ግንባሬን» አሉ። ትልቁን የጉንጫቸውን እብጠት ነኩ። «ቀኝ ጉንጬን።» ጋሽ ጳውሎስ ጥጡን አስቀምጠው ላባውን አነሱና የእብጠቱን ጫፍ ዳሰስ አደረጉት። እኔ የነካ አልመሰለኝም ነበር።

አቶ ተሰማ ፈገግ አሉ። «ይሄ ጥጥ አይደለም። ላባ ነው?»

ዶክተር ዘሪሁን ከበሩ ላይ አልተንቀሳቀሱም። ሥጋ ደዌ የቆዳን ስሜት ይገድላል፤ ያን ያህል የሰፋ ሥጋ ደዌ ያለበት ቆዳ ላባን ከጥጥ አይለይም። ዶክተሩ መጥተው ላባውን ከጋሽ ጳውሎስ እጅ ወሰዱና እሳቸውም ሞከሩ፣ ደግመው ሞከሩ። ከዚያ ቀስ ብለው ወንበር ስበው አቶ ተሰማ ፊት ተቀመጡ። በሽተኛ ፊት ሲቀመጡ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነበር።

«ናሙና ይወሰድ» አሉ። «በሥጋ ደዌውም በቁንጭሩም ቀለም።»

የጆሯቸውን ጫፍ በሁለት ጣት ጨምቄ ደሙን አሸሸሁ፣ በምላጭ ጫፍ ጭረት አድርጌ ፈሳሹን ፋቅሁና ስላይድ ላይ ቀባሁት። የሥጋ ደዌው ቀለም ምንም አላሳየም። በሌላው ቀለም የተቀባውን ማይክሮስኮፑ ላይ አድርጌ መስታወቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞርኩና ዓይኔን ደፋሁ።

ነጥብና ጭረት፤ ነጥብና ጭረት፤ ነጥብና ጭረት። ሌላ ጊዜ አንዷን ለማግኘት ግማሽ ቀን የምደክምላት ነገር እንደ ፈሰሰ ጤፍ ሜዳውን ሞልታዋለች። ወታደሮቹ ሆዳቸው እስኪወጠር ተሞልተዋል፤ አንዱም ግን የሚዋጋ የለም። ጋሽ ጳውሎስ አዩ። አላንጎራጎሩም። ስላይዱን ከዳር እስከ ዳር ሄዱበትና፣ «የሰውነቱ ዘበኛ ተኝቷል» አሉ። «የሚቆስለውና የሚያመው ቁንጭር አስቀያሚ ነው፤ ግን ቁስሉ ጦርነቱ ነው። እዚህ ጦርነት የለም። ለዚህ ነው የማያመው።»

እስከ ዛሬ ከሰማሁት ሁሉ ይህ ያስደንቀኛል። ቁስል የመዳን ሥራ ሊሆን ይችላል፤ ያልቆሰለ ለስላሳ ቆዳ ደግሞ የተሸነፈ ሊሆን ይችላል።

ነገር ግን በሽታውን ማወቅ ሊቀመንበሩን አያቆመውም። ጋሽ ጳውሎስ፣ «የሚኖሩበትን ማየት አለብኝ» አሉ፤ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ዶክተሩ ፈቅደውልን እኔና እሳቸው ወደ ካባው ወጣን። ጎጆዋ ከዓለቱ ጋር ተጣብቃ ነው የቆመችው። ገደሉ ከላይ እስከ ታች ስንጥቅጥቅ ነው፤ በየስንጥቁ ሽኮኮዎች ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። አንዷ ስታየን ጮኸችና ሁሉም ተያይዘው ገቡ።

«እነሱ ናቸው ባለቤቶቹ» አሉ ጋሽ ጳውሎስ። «በሽታው የሽኮኮ ነው። እነሱን ብዙ አይጎዳቸውም። ከእነሱ ወደ ሰው የምታመጣው ዝንብ ናት።»

የሰፈሩ ሰው ግን ቁንጭር የሌሊት ወፍ ሽንት ነው ይል ነበር። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የጉሎ ዘይት የተቀባ ወረቀት ስንጥቆቹ አፍ ላይ ሰክተን ጠበቅን። መሸት ሲል ከድንጋዩ ውስጥ የወጡ ነገሮች ወረቀቱ ላይ መጣበቅ ጀመሩ። ዝንብ ይባላሉ እንጂ ከትንኝም ያንሳሉ፤ የአሸዋ ቀለም ያላቸው፣ ጠጉራም፣ ክንፋቸውን እንደ ትንሽ ድንኳን ወደ ላይ ያቆሙ። ሲበሩ ድምፅ የላቸውም። ካሰብኩት በላይ ውብ ነበሩ። ይህቺን የምታህል ፍጥረት ከሽኮኮ ደም ይዛ፣ ከዓለት ወጥታ፣ የተኛ ሰው ጉንጭ ላይ አርፋ ዕድሉን ትለውጠዋለች።

ልንወርድ ስንል ወይዘሮ ዘነቡ ልጃቸውን የሺን ከጎጆ ውስጥ እጇን ይዘው አወጧት። ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ቆንጆ ልጅ ናት። ግራ ጉንጯ ላይ አንዲት ቀይ እብጠት ወጥታለች።

«ይቺም እንደ አባቷ ልትሆን ነው?» አሉ።

ጋሽ ጳውሎስ እብጠቷን ሳይሆን ልጅቷን አዩአት። «አላውቅም እናቴ» አሉ። «አላውቅም ማለት ግን ትሆናለች ማለት አይደለም።»

ቀበሌው ስብሰባ ጠርቶ ነበር። አጀንዳው ብዙ ነው፤ የተሰማ ቤተሰብ ጉዳይ አንዱ ብቻ ነበር። ዶክተር ዘሪሁን ራሳቸው መጡ፤ ጋሽ ጳውሎስ ደግሞ ማይክሮስኮፑን በብርድ ልብስ ጠቅልለው በእቅፋቸው ይዘውት ገቡ። ሊቀመንበሩ ጓድ አበራ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ሰፈሩ የሚጮኽባቸውና የበላይም የሚጠይቃቸው ሰው ነበሩ።

«ጓዶች፣ የሕዝብ ጤና ጉዳይ ነው» አሉ። «አንድ ሰው ለብዙኃኑ መሥዋዕት ይሆናል። ደግሞ ይህ ባለሙያ» ብለው ወደ ጋሽ ጳውሎስ አገጫቸውን ቀሰሩ፣ «ጴንጤ ነው ይባላል። በጸሎት እናድናለን ሊለን እንዳይሆን።»

ሰው ሳቀ። ጋሽ ጳውሎስም አብረው ሳቁ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ጸሎቱን ለቤቴ ትቼው መጥቻለሁ። ዛሬ ያመጣሁት ይህን ነው። እርስዎ መጀመሪያ ይዩት።»

ማይክሮስኮፑን መስኮቱ ሥር አስቀምጠው ብርሃኑን አስተካከሉ። ጓድ አበራ ኮፍያቸውን አውልቀው ጎነበሱ። ቀና አላሉም፤ ሰው መንቀሳቀስ እስኪጀምር ድረስ እዚያው ቆዩ።

«ይሄ ሁሉ እሱ ፊት ላይ ነው ያለው?»

«ከጆሮው የተወሰደች ጠብታ ናት» አሉ ዶክተር ዘሪሁን። «ሥጋ ደዌ አይደለም። በእጅ አይተላለፍም፣ በትንፋሽ አይተላለፍም፣ በዕቃም አይተላለፍም። ወይዘሮ ዘነቡ ስንት ዘመን አብራው ተኝታለች፤ ፊቷን እዩት። የሚያመጣው ገደሉ ውስጥ ያለች ዝንብ ናት። ሰውየውን ብታባርሩት ዝንቧ እዚያው ናት፤ ወደ ጎጆው የሚገባውን ሌላ ዘበኛ ትነክሳለች።»

ከዚያ ሰው ሁሉ ልይ አለ። ሽማግሌው፣ ነጋዴው፣ የወጣት ማኅበሩ፣ የሴቶች ማኅበሩ ተሰለፈ። አንዲት ነጠላ ያዘቀዘቀች ሴት አይታ ቀና ስትል አማተበችና፣ «ይሄን ተሸክሞ ነው ድንጋይ ሲፈልጥ የኖረው?» አለች። ከእሷ በኋላ ስለ ማባረር የተናገረ አልነበረም። ጓድ አበራ፣ ከገደሉ ሥር ያሉ ጎጆዎች እንዲነሡና የተሰማ ቤተሰብ ወሰን በሚባለው ሰፈር፣ ከዓለቱ በራቀ የቀበሌ ቤት ውስጥ እንዲገባ ሐሳብ አቀረቡ። እጅ ወጣ። አቶ ተሰማ ከኋላ ተቀምጠው ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው አወረዱ።

ደስታችን ብዙ አልቆየም። ለሁሉም ቁንጭር የሚሰጠው መርፌ ለአቶ ተሰማ አልሠራም። ዶክተር ዘሪሁን ለምነው፣ ተሟግተው ሌላ ጠንካራ መርፌ አስመጡ። ያ ሠራ። እብጠቶቹ ሟሽሸው ጆሯቸው ሳሳ፤ ቅንድባቸው የነበረበትን ቦታ አየሁት። ናሙናው ላይም ተባዮቹ እየተመናመኑ መጡ። አንድ ቀን አቶ ተሰማ ከክሊኒኩ ግድግዳ ላይ ካለው መስታወት ፊት ቆመው፣ «ይሄ አባቴ ነው» አሉ። «አባቴን እመስል ነበር፤ ረስቼው ነበር።»

ከዚያ መድኃኒቱ አለቀ። ዘመኑ ጦርነት ነው፤ ወደብ የሚገባው ሌላ ነገር ነበር። ዶክተሩ ያላንኳኩት በር የለም። መድኃኒቱ ዘግይቶ ሲመጣ ፊታቸው ወደነበረበት ተመልሶ ነበር፤ በሁለተኛው ዙር ደግሞ መርፌው እንደ መጀመሪያው አልታዘዝ አለ፣ ሰውነታቸውንም አደከመው። ዶክተር ዘሪሁን ማቆም እንዳለባቸው ለአቶ ተሰማ የነገሯቸው ዕለት ጋሽ ጳውሎስ ስላይድ ሲያጥቡ ዋሉ። ንጹሑንም ጭምር አጠቡት። እኔም አብሬያቸው አጠብኩ። እንዲያ ያለ ነገር ተሸንፎ አይተነው ነበር፤ እንደገና ሲነሣ ማየት ከባድ ነው።

የሺ ግን በየጊዜው ትመጣለች። ጉንጯ ላይ ያለችው እብጠት አድጋ ቆሰለች፣ ቅርፊት ያዘች፤ እናቷ ባዩዋት ቁጥር ያለቅሳሉ። እኔ ደግሞ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና፣ ቁስሉ ሲቀላና ሲያመረቅዝ ደስ ይለኝ ነበር። ያው ገደል ነው፣ ያቺው ዝንብ ናት፣ ያው ተባይ ነው፤ የአባቷ ሰውነት በተኛበት የእሷ ነቅቷል። ናሙናዋን ባየሁ ቁጥር ወታደሮቹ በዝተው ተባዩ አንሷል። ክረምት አልፎ ሌላ ክረምት ሲመጣ ስላይዱን ከዳር እስከ ዳር ሄጄበት ማንንም አላገኘሁም። «አላየሁም» አልኩ። ጋሽ ጳውሎስ ወንበሬ ላይ ተቀምጠው እሳቸውም ሄዱበት። በዚያች ክፍል ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ መዝሙሩን ከነቃሉ ዘመሩት። ዶክተር ዘሪሁን ተነሥተው በሩን ዘጉላቸው፤ ከውስጥ ሆነው።

ደርግ ሊወድቅ ሲቃረብ የሺ ተዳረች። ሙሽራው የካራ ገበሬ ልጅ ነው። ድንኳኑ የተተከለው በወሰን ቤታቸው ደጅ ሲሆን እኔ፣ ጋሽ ጳውሎስና ዶክተር ዘሪሁን ተጠርተን ሄድን። የሺ ጉንጯ ላይ ያለውን ጠባሳ በዱቄት እንዲሸፍኑላት ሚዜዎቿ ቢለምኗትም እምቢ ብላ ነበር። አቶ ተሰማ ነጭ ልብስ ለብሰው፣ ፊታቸውን ሳይሸፍኑ፣ ከእብጠታቸው ጋር፣ በሙሽሪት አባት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

የሙሽራው አባት አቶ ተሰማን ከዚያ በፊት አላዩዋቸውም ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ነበሩ ሲመላለሱ የቆዩት። ሲገቡ አይተዋቸው ደንገጥ አሉ፤ ይህን ያላየ በድንኳኑ ውስጥ አልነበረም። ወይዘሮ ዘነቡ ሳህን እንደያዙ ቆመው ቀሩ። ሰውየው ግን አጠገባቸው ሄደው ተቀመጡ። ምግብ ቀረበ። አቶ ተሰማ ባበጡት ጣቶቻቸው አንድ ጉርሻ ጠቀለሉ፤ ከታመሙ ወዲህ ከቤታቸው ውጭ ያለ ሰው አጉርሰው እንደማያውቁ ባለቤታቸው ነግረውኛል። እጃቸው ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ።

ሰውየው አፋቸውን ከፍተው ጠበቁ። ጎረሱ፣ አላምጠው ዋጡና አፋቸውን ጠረግ አድርገው እንደገና ወደ አቶ ተሰማ ዞሩ።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላል፣ አማቼ» አሉ። «ይድገሙኝ እንጂ።»